ርኅራኄ ወይስ ተስፋ መቍረጥ?

ከኤችአይቪ ጋራ የሚኖር ወንድማችን ሲጋራ ሲያጨስ ስናይ፥ «ያለበት መከራ ይበቃዋል፤ ይህችን መጽናኛ አንንፈገው» እንላለን። ነገሩ ርኅራኄ ይመስላል፤ ጠልቀን ብንመረምረው ግን ሰውን በሕይወቱ ሳለ ከሙታን መቍጠር ነው።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፥ ሳያቋርጥ ለሚወስደው ሰው የረጅም እድሜ ተስፋ ተከፍቶለታል። በ2005 ዓ.ም. የወጣ የዴንማርክ ጥናት ግን፥ በሕክምና ላይ ያሉ አጫሾች ከቫይረሱ ይልቅ ትምባሆው የሚበልጥ እድሜ እንደሚወስድባቸው አሳይቷል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች እንደምናውቀው፥ የጣና ባለታንኳ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይከብድበት አውጥቶ ያደርቀዋል እንጂ፥ «ከማዕበል አምልጧል» ብሎ አይተወውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቍጣና ንቀት ሰውን ተደብቆ እንዲያጨስ ያደርጉታል እንጂ አያስተዉትም፤ ሱስ በተግሣጽ ብቻ አይለቅምና። ስለ ክኒኑ የሚጠይቀው ባለሙያ ስለ ትምባሆውም በትሕትና ይጠይቀው፤ የሚያቆምበትን ቀን አብሮት ይቍረጥ፤ ቢያገረሽበትም ሳይሰለች እንደገና ያበረታታው። እኛም ባልንጀሮቹ በፊቱ አናጪስ። አዋጅ ቍጥር 1112/2011 በመሥሪያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከደጅ ቆሞ የሚያጨሰውን ሰው ቀርቦ ማነጋገር ግን የእኛ ፈንታ ነው። መወሰኑ በእርግጥ የእርሱ ነው፤ ብቻውን ከተውነው ግን ጥፋቱ የእኛም ይሆናል።