እናቲቱን መልቀቅ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት አጭር ሕግ አለች። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው፣ እናቲቱ በዕንቁላሎቿ ወይም በጫጩቶቿ ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ትከለክለዋለች። ልጆቹን ለራሱ ቢወስድ አልተከለከለም፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በሕጉ መጨረሻ የተሰጠው ተስፋ ነው። ነገሩ እንዲሠምርለትና ዕድሜው እንዲረዝም የሚለው ይህ ተስፋ አባቱንና እናቱን ለሚያከብር ሰው የተሰጠው ተስፋ ነውና። እንግዲህ ወላጆቹን ያከበረ ሰውና የወፍን እናትነት ያከበረ ሰው የተቀበሉት በረከት አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህችን ሕግ ያነሣናት በአገራችን በጎንደር ሁላችንን የሚመለከት ጥያቄ ስለምታስነሣ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣን ዓሣ በወንዙ መግቢያ ላይ መረብ ዘርግቶ መያዝ የሙያ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ ኅሊናን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው?

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። በጎንደር ከተማ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ከመገጭ ወንዝ ጋር ተቀላቅለው፣ የደንቢያን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ነጭ ዓሣ እየተባሉ ከሚጠሩት የጣና ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ሐይቁን ትተው ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ። ከሥሩ ጠጠር ያለበትን ንጹሕና ፈጣን ውኃ ፈልገው በዚያ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ስለ እነዚህ ዓሦች ያለን ዕውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የተዘዋወረው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ሲያስተዋውቅ፣ ከጣና ዓሦችም በርካታ ዓይነቶችን ለይቶ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሌላ ጥናት ግን አብዛኞቹን እንደ አንድ ዓይነት ቆጠራቸው። በ1990ዎቹ በኔዘርላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌኦ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ዓሦቹን አንድ በአንድ መርምረው 15 ዓይነት መሆናቸውን አስረዱ። ከእነዚህም ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ ስለዘጋባቸው፣ ከአንድ ዘር ተነሥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ተለያዩ። የመንጋጋ ጥርስ ከሌለው ወገን ሆነው ሳለ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ደግሞ ሊቃውንቱን ይበልጥ ያስደንቃል። በዘፍጥረት መጽሐፍ አዳም እንስሳትን በየስማቸው እንደጠራ እናነባለን። በስም የጠሩትን ነገር ግን አላውቀውም ማለት አይቻልም። ምርምር የሚያመጣው የመጀመሪያው ግዴታ ይህ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ ከዚህ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ፣ ዓሣ አጥማጆች ዓሦቹ በሚራቡበት ወራት በወንዞች መግቢያ ላይ መሰብሰባቸውን ተረዱ። በዚያ ስፍራ መረብ የሚዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የሚያገኛት ግን ዕንቁላሏን ያልጣለች እናት ናት። ወደ ላይ ወጣ ብሎም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዙ ውስጥ እየበተነ ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት የሚገድል አለ። ተመራማሪዎች የ1991ንና የ2001ን እ.ኤ.አ. ናሙናዎች ባነጻጸሩ ጊዜ፣ በወንዝ የሚራቡት ዓይነቶች ክብደት ወደ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ሐይቁ እንደ ወትሮው ተዘርግቶ እየታየ በውስጡ ያለው ግን ያልቅ ነበር።

መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ከሌላ አገር ተመልክተናል። በፊሊፒንስ አገር በላናዎ ሐይቅ እንደ ጣናዎቹ ያሉ፣ ሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ልክ ያጣ አጠማመድ ተባብረው አጠፏቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ ዓይነቶች 15ቱ ከምድር ላይ መጥፋታቸውን አስታወቀ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ዓሣን ለሰው የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ታዲያ ምን ኃጢአት አለበት?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ተሰጥቶናል። ነገር ግን የጎጆዋ ሕግ የሚያስተምረን ስጦታው ከነወሰኑ የተሰጠ መሆኑን ነው። ፍሬውን ውሰድ፣ ምንጩን ተው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2415 የፍጥረትን ሀብት አጠቃቀም ከሰባተኛው ትእዛዝ፣ «አትስረቅ» ከሚለው ጋር ያያይዘዋል። ሀብቱ የዛሬዎቹ ብቻ ሳይሆን ገና የሚወለዱትም ነውና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ይህችኑ የወፍ ጎጆ ሕግ ጠቅሰዋታል። እንግዲህ የምትራባውን ዓሣ የሚይዝ ሰው የሚወስደው የዛሬን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ በደንገል ታንኳ ከሚያጠምደው ከጎረቤቱና ከጎረቤቱ ልጅ ድርሻ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብናቆም ፍርዳችን ቀላል ነገር ግን ጭካኔ የተሞላበት ይሆናል። ነሐሴ በደጋውም በደንቢያም ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ወር ነው። መሬት የሌለው አጥማጅ ልጆቹ ርበውት ሳለ ዓሣው በገፍ ወደ ደጁ ሲመጣ ምን ያድርግ? ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2408 በብርቱ ችግር የተያዘ ሰው ሕይወትን ለማቆየት የግድ የሚያስፈልገውን ቢወስድ ስርቆት እንደማይሆንበት ያስተምራል። ስለዚህ ለልጆቹ እራት አንድ ዓሣ የያዘውን አባት ሌባ ልንለው አንችልም።

ታዲያ ጥያቄው ወደ ማን ይሄዳል? ወደ ገበታው ይሄዳል። በክረምት ወራት የሚያዘው ዓሣ ሁሉ በአጥማጁ ቤት አይበላም፤ ወደ ከተማ ገበያ ይወጣል። የሚገዛው መምረጥ የሚችለው ሰው ነው። በነሐሴ የሚውለው ጾመ ፍልሰታ ከዓሦቹ መራቢያ ወራት ጋር ይገጣጠማል፤ ሥጋን ትተን በምትኩ ዕንቁላል የተሸከመችውን ዓሣ የምንፈልግ ከሆነ፣ ጾማችን ከምን እንደከለከለን መመርመር ይገባናል። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የተባለው ለመሪዎች ብቻ አይደለም፤ በዚህ ነገር አናቱ ገዢው ነው።

ከሰሜን ተራሮችም የምንማረው አለ። ለዋልያና ለሌሎቹ የዱር እንስሳት ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በተከታዩ ዓመት ፓርኩ አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የምስራቹን ዓለም ሁሉ ተካፈለው፤ ቤቱንና እርሻውን ትቶ ከተራራው የወረደው ግን ገበሬው ነበር። ጥበቃ ትክክለኛ ሥራ ሆኖ ሳለ ዋጋውን ድኻው ብቻ የሚከፍለው ከሆነ ፍትሕ ጎድሎበታል።

«እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። መልሱ ብቻውን የሚተው ሰው አይደለም፤ አብሮ የሚተው ሕዝብ ነው። በመንዝ የጓሳን ሣር የአካባቢው ሕዝብ የቀሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ በመረጣቸው አለቆች እያስጠበቀ፣ ጊዜው ሲደርስም በአንድነት እያጨደ ለረጅም ዘመን ኖሯል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በመሬት አዋጁ ጊዜ ቢፈርስም፣ ጓሳ ዛሬም የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ራስን መግታት ከውጭ የመጣ ትምህርት እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው። ለዓሣም እ.ኤ.አ. በ2003 የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ነገር ግን በሌሊት የሚዘረጋውን መረብ የሚያየው አዋጅ ሳይሆን ኅሊናና ጎረቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ከታየ በኋላ፣ ገበሬውና ተማሪው እስከ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አይተናል። ያ የሚያስመሰግን ፍቅር ነው። ሆኖም እምቦጭ ባዕድ አረም ስለሆነ ጠላትነቱ ለዓይን ይታያል። ከገዛ ፍላጎታችን የሚበቅለውን መንቀል ግን ይበልጥ ያስቸግራል፤ ዘመቻም አይታወጅለትም።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ይህን ምሳሌ ለልጆቹ ንገሯቸው። ምእመናንም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣን ከገበታችን እናቆይ፤ ከዚህ የተረፈውን ገንዘብም በዚያው ወራት መረቡን ለሚሰበስበው አጥማጅ ቤተሰብ በየቁምስናችን የምናደርስበትን መንገድ እንፈልግ። እናቲቱን እንዲለቅ የምንጠይቀው ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዳይገባ ማድረግ የሕጉ ግማሽ ነው፤ ይህን ግማሽ መፈጸም ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።