ማስጠንቀቂያው ላልደረሰው ማን ይጠየቃል?

 

በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲያስቡበት ግን ከመርከብ ካፒቴን እስከ መስጊድ ኢማም፣ ከወደብ ሹም እስከ ቤት አባወራ ድረስ ማንንም ሳይነካ አያልፍም። አንድ ሰው አደጋ መምጣቱን በድምፅ ማጉያ ቢናገርና በስፍራው ጆሮው የማይሰማ ሰው ቢኖር፣ ተናጋሪው ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ይቻላልን? ወይስ አደራው ገና ከጫንቃው አልወረደም?

ነገሩን በግልጽ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ በሙስሊም ሕዝቧ ብዛት በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ከባሊ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሎምቦክ ትገኛለች። መስጊዶቿ ከመብዛታቸው የተነሣ «የሺህ መስጊዶች ደሴት» ይሏታል። ከእርሷ ቀጥሎ ሱምባዋ፣ ከዚያም ኮሞዶና ፍሎሬስ ይከተላሉ። በእነዚህ ደሴቶች መካከል ብዙው ሕዝብ የሚመላለሰው በመርከብና በጀልባ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዲሴምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት የምዕራቡ ሞንሱን ዝናብና ነፋስ ይዞ ይመጣል። ማዕበሉ ከፍ ሲል የወደብ ኃላፊዎች መርከቦች እንዳይንቀሳቀሱ ይከለክላሉ።

እንግዲህ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ከደሴት ወደ ደሴት የአላህን ፍጥረት እየተመለከቱ ሲጓዙ አስቡ። በሱምባዋ ምሥራቃዊ ጫፍ በምትገኘው በሳፔ ወደብ ተቀምጠው ወደ ፍሎሬስ የሚሻገር መርከብ ይጠብቃሉ። ሰማዩ ጠቁሯል። ድምፅ ማጉያው ይናገራል። ከመንገደኞቹ ገሚሱ ዕቃውን አንሥቶ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ ገሚሱ ወደ ትኬት ቤቱ ይሮጣል። ባልና ሚስቱ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። መርከቡ ቀረ? ወይስ ሊነሣ ነው? በዚህ መካከል አንድ ባለጀልባ «ኑ፣ እኔ ላሻግራችሁ» እያለ በእጁ ይጠራቸዋል። ተሳፍረው ቢሄዱና ማዕበሉ ጀልባዋን ቢገለብጣት፣ አላህ ይጠብቀንና፣ ጥፋቱ የማን ነው?

«ቤታቸው አይቀመጡም ነበር?»

የብዙ ሰው የመጀመሪያ መልስ የታወቀ ነው። «ጆሮው የማይሰማ ሰው ምን ባሕር አመጣው? ቤቱ አይቀመጥም ነበር?» ይባላል። ይህ አባባል ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል። ውስጡ ሲፈተሽ ግን ፍርድ ነው። ወንጀል ያልሠራን ሰው ዕድሜ ልኩን በቤት እስር ይፈርድበታል።

የቋንቋችንም ልማድ ለዚህ አግዞናል። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ጆሮው የማይሰማውን ሰው በዚህ ቃል እንጠራዋለን፤ እየሰማ የማይገባውን፣ ተምሮ የማያውቀውንም በዚሁ ቃል እንሰድባለን። በአንድ ቃል ሁለቱን ስላሰርን በልባችንም ውስጥ አንድ ሆነውብን ቀሩ። ቁርኣን ግን የሚወቅሰው ድንቁርና የሥጋ ጆሮን አይደለም። የሚወቅሰው እውነት ደርሶት እያለ ልቡን የዘጋውን ሰው ነው። በሚያዳምጥ ጆሮ የማይሰማ ስንት አለ! ጆሮው ሳይሰማ ልቡ የሚያስተውልስ ስንት አለ!

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አካሉ የጎደለን ሰው እንዴት እንደያዙት ለማየት ወደ መዲና እንሂድ። ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዐይነ ስውር ሶሓባ ነበሩ። ዐበሰ የተሰኘችው ሱራ የወረደችው በእሳቸው ሰበብ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚህ የማያንስ ሌላ ቁም ነገር ግን አለ። በረመዳን ቢላል (ረ.ዐ.) ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያደርጉ ነበር። ምግብና መጠጥ የሚቆመው ኢብኑ ኡሙ መክቱም የፈጅርን አዛን ሲያሰሙ ነበር። እስኪ አስተውሉ! የንጋትን ብርሃን ማየት የማይችለው ሰው ንጋትን እንዲያበስር ተመረጠ። እንዴት ቻለ? ሰዎች «ነጋ» ብለው ይነግሩታል፣ እሱም ይጣራል። ማኅበረሰቡ ዐይኑን አዋሰው፣ እሱም ድምፁን ለማኅበረሰቡ ሰጠ። «ዐይነ ስውር ስለ ንጋት ምን ያውቃል?» ያለ አልነበረም። እንግዲህ ለእሱ ዐይን የተገኘ፣ ለእነዚያ ባልና ሚስት ጆሮ የሚያውስ ሰው በወደቡ ላይ እንዴት ይጠፋል?

ደግሞም መስማት የተሳነው መንገደኛ እንደምናስበው ምስኪን አይደለም። ቋንቋ በማያውቁበት አገር የሚሰማው ሰው አፉ ይያዛል። መስማት የተሳነው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በእጅ፣ በፊትና በዐይን መነጋገርን ተክኗልና ከባለሱቁም ከዓሣ አስጋሪውም ጋር ፈጥኖ ይግባባል። የዲን ሊቃውንትም ዱዳ የሆነ ሰው የሚያሳየውን ግልጽ ምልክት በኒካሕም ሆነ በመሸጥና በመግዛት እንደ ቃል ቆጥረውለታል። ሸሪዓ ምልክቱን ቃል ብሎ ከተቀበለለት፣ እኛ ሰዎች እንደ ዝምታ ልንቆጥርበት አይገባም።

ባሕሩ ሲናወጥ የተሳፈረ

ይህ ሁሉ ማለት ግን ባልና ሚስቱ ምንም ኃላፊነት የለባቸውም ማለት አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር፣ ቀጥሎ እንዲመካ አዘውታል። ኢማም አል-ቡኻሪ «አል-አደብ አል-ሙፍረድ» በተባለው ኪታባቸው ባሰፈሩት ሐዲስም ባሕር በሚናወጥበት ሰዓት የተሳፈረ ሰው ጥበቃ እንደሚነሣው እንማራለን። ተወኩል ዐይንን ጨፍኖ ማዕበል ውስጥ መግባት አይደለም።

ስለዚህ እነዚህ ባልና ሚስት የሚያስሩት ግመል አላቸው። ማረፊያ ሲይዙ ለባለቤቱ እንደማይሰሙ አስቀድመው ማሳወቅ፣ ሌሊት አደጋ ቢመጣ እንዴት እንደሚቀሰቅሳቸው መስማማት፣ በአገሩ ቋንቋ «አንሰማም፤ የተነገረውን ጻፉልን» የሚል ወረቀት መያዝ፣ የአየር ጠባይ ማስታወቂያን በስልካቸው በጽሑፍ መከታተል ይችላሉ። ትልቁ መርከብ ገመዱን አጥብቆ ከቆመ በትንሿ ጀልባ ለመሄድ አለመደፈር ደግሞ ጆሮ አይጠይቅም፤ ዐይንና ልቡና ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ችላ ብለው ከሄዱ እንደማንኛውም ሰው ይወቀሳሉ። እንዲህ መውቀሳችንም እነሱን ማክበር ነው፤ የማይጠየቀው ሕፃንና አእምሮው የሳተ ነውና።

ግን የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ቢሆንስ? ጠይቀው የሚመልስላቸው ቢያጡስ? ሰማዩ ለጊዜው ጠርቶ፣ አደጋው የታወቀው በድምፅ ማጉያው ብቻ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሌላ ሐዲስ ያስፈልገናል። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ በቂያማ ቀን በአላህ ፊት ምክንያታቸውን የሚያቀርቡ አራት ሰዎች ተጠቅሰዋል። ከእነሱ አንዱ ምንም የማይሰማ ሰው ነው። የኢስላም ጥሪ ሲመጣ እሱ ምንም እንዳልሰማ ይናገራል። አላህም ፍትሐዊ ነውና ያልደረሰውን ነገር እንደደረሰው አድርጎ አይቀጣውም፤ በዚያው ቀን ይፈትነዋል እንጂ።

ውድ አንባቢያን! ይህን ሐዲስ ስንሰማ የአላህን እዝነት አድንቀን እናልፋለን። እስኪ ግን ቆም ብለን እናስብ። ያ ሰው «አልሰማሁም» ሲል በዙሪያው ይኖሩ የነበሩት የሚሰሙ ሰዎች የት ነበሩ? አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ የመንደሩ ኢማም? የእሱ ምክንያት ከተሰማለት፣ የእነሱ ምክንያት ምን ሊሆን ነው?

መናገር ሌላ፣ ማድረስ ሌላ

ተናግሮ ማለፍና መልእክትን ማድረስ የተለያዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2013 በፊሊፒንስ የደረሰው አሳዛኝ አደጋ ያሳየናል። ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን በየዓመቱ 20 ያህል ዐውሎ ነፋሶች ወደ ክልሏ ይገባሉ። ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ዮላንዳ ብለው የሰየሙት ዐውሎ ነፋስ ሌይቴ በተባለችው ደሴት የምትገኘውን ታክሎባን ከተማን መታት። ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማስጠንቀቂያ ሳይነገር ቀርቶ አልነበረም። «ስቶርም ሰርጅ» እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሯል። ነፋሱ ባሕሩን ገፍቶ በየብስ ላይ ይጥለዋል ማለት ነበር። ብዙው ሕዝብ ግን ይህን የእንግሊዝኛ ቃል አላወቀውም። ከአደጋው የተረፉ ብዙዎች «እንደ ሱናሚ ያለ ውኃ ይመጣል ብትሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር» ብለዋል።

እንግዲህ ጆሯቸው የሚሰማ ሰዎች ናቸው ይህን ያሉት! ቃሉ ጆሯቸው ደርሶ ትርጉሙ ልባቸው ሳይደርስ ቀረ። በዚያች ዕለት መስማት የተሳነውና የሚሰማው እኩል ሆኑ። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ ሳይሆን ከአድማጩ ልቡና ሲገባ ነው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስም የሶደቃ በሮች ሲቆጠሩ መስማት ለተሳነውና ለዱዳው እስኪገባው ድረስ ማሰማት ከእነሱ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። «እስኪገባው ድረስ» የምትለዋን መለኪያ ልብ በሉ። አንዴ እጅን አወናጭፎ «ነግሬዋለሁ» ማለት አይበቃም ማለት ነው።

«ለሁለት ሰው ተብሎ?»

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ልፋት ለሁለት ሰው ተብሎ?» ሊል ይችላል። ልፋቱ ምን ያህል ነው? በወደቡ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ በጠመኔ መጻፍ፣ ቀይ ባንዲራ ማውለብለብ፣ ትከሻ ነካ አድርጎ መርከቡንና ሰማዩን እያሳዩ እጅን ማወዛወዝ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚያጣው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ልፋቱ ሲበዛ ምን እንደሚመስልም እዚያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ማየት ይቻላል። በባሊ ሰሜናዊ ክፍል ቤንግካላ የተባለች መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ሂንዱዎች ናቸው። በመንደሯ ከትውልድ ወደ ትውልድ በዘር የሚተላለፍ የመስማት ችግር ስላለ መስማት ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆች ከሌላው ስፍራ ይበዛሉ። ይሁንና የሚሰሙት ነዋሪዎች አብዛኛዎቹ ካታ ኮሎክ የተሰኘውን የመንደሩን የምልክት ቋንቋ ያውቃሉ። በእርሻውም በገበያውም በዚሁ ይነጋገራሉ። በእንዲህ ያለች መንደር ማዕበል ቢመጣ ሳይነገረው የሚቀር ማን ነው? ፊሊፒንስም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የአገሯን የምልክት ቋንቋ እውቅና ሰጥታ በቴሌቪዥን የዜና ሥርጭት ላይ አስተርጓሚ እንዲኖር አዛለች። እኛ ደግሞ ለመልእክቱ አድራሽነት አደራ የተሰጠን ኡመት ነን። ልናፍርም ልንነቃቃም ይገባናል።

ከማዕበል የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ

በሱማትራ አጠገብ ሲሜውሉ የምትባል የሙስሊሞች ደሴት አለች። በ1907 በመሬት መንቀጥቀጥ የመጣ የባሕር ሙላት ፈጃቸው። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጆች «ስሞንግ» እያሉ ነገሩን ሲያወርሱ ኖሩ። ምድር አጥብቃ ከተንቀጠቀጠችና ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ ነው ትምህርቱ። በዲሴምበር 2004 ያ ቀን መጣ። በአቼ የብስ አእላፍ ሲያልቁ፣ 78,000 ያህል ሕዝብ በነበራት በሲሜውሉ የሞቱት ሰባት ናቸው። የምድርን መንቀጥቀጥ እግር ይሰማዋል፤ የባሕርን መሸሽ ዐይን ያየዋል። መስማት የተሳነውም ልጅ ቢሆን አስቀድሞ በቤቱ ከተማረ ይድናል። የተማረ ግን አስተማሪ ስለነበረው ነው።

እናንት ወላጆች! አሁን ወደየቤታችን እንመለስ። ከወደቡ ሹም ይልቅ እኛ የምንጠየቅበት ማስጠንቀቂያ አለ። እሱም የአኺራ ማስጠንቀቂያ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ባለበት ቤት አባት ሩኩዕና ሱጁድን ያሳየዋል፣ ልጁም አይቶ ይከተላል። ለማን እንደሚሰግድ፣ ለምን እንደሚጾም፣ ከሞት በኋላ ምን እንዳለ የነገረው ግን አለን? በማዕድ ዙሪያ ቤተሰቡ ሲስቅ «ምንድነው?» ብሎ በዐይኑ ሲጠይቅ «ተወው፣ ኋላ እነግርሃለሁ» የሚል ምልክት ብቻ አይደለም ወይ የሚያገኘው? ያ «ኋላ» ሳይመጣ ስንቱ አረጀ! በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ኢማሙን አተኩሮ እያየ ተቀምጦ፣ አንዲት ቃል ሳይዝ የሚመለስ ወንድም በየመስጊዱ የለምን?

በኢንዶኔዥያ ጆግጃካርታ አካባቢ ዳሩል አሾም የተባለ ፔሳንትሬን፣ እኛ መድረሳ እንደምንለው ማለት ነው፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ቁርኣንን በእጅ ምልክት ያስተምራል። ፊደሉን በጣቶቻቸው ይቀራሉ። እነዚህ ልጆች አድገው ከደሴት ደሴት ቢጓዙ ዱዓቸውን በእጃቸው እያደረጉ ይጓዛሉ። እኛም በመድረሳ የምናስተምር ሁሉ ከደጃችን የሚመለስ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳይኖር ልናስብበት ይገባል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጎ ማምጣት፣ የኹጥባውን ፍሬ ነገር ጽፎ መስጠት፣ በቤትም ወንድምና እህት ሁሉ ምልክቱን እንዲማር ማድረግ ከአቅም በላይ አይደለም።

ስለዚህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ተጓዡ ግመሉን ስለ ማሰሩ ይጠየቃል። ማስጠንቀቂያውን የያዘው ደግሞ ስለ ማድረሱ ይጠየቃል። ሁለተኛው ሸክም የሚከብደው እኛ በምንሰማው ላይ ነው፤ ጆሮ የተሰጠን ለራሳችን ብቻ እንድንሰማበት አይደለምና።

አላህ የሰማነውን ከሚያደርሱ ያድርገን፤ በባሕርም በየብስም መንገደኞቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።