የያዘ ፍሬን

ልጄ፣ አሮጌ ሞተር ሳይክል መውደድህ ደስ ይለኛል። ግን የፊት ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ሲልህ መፍቻ ከማንሣትህ በፊት በአንድ ወጣት ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

ሞተሩ ሆንዳ ሲቢ 750 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ሲቀርብ፣ በብዛት ከሚመረቱ ሞተር ሳይክሎች መካከል በዘይት ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ከፋብሪካው ይዞ በመውጣቱ ስሙ የገነነ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ዲስኩ ብረት ነውና ይቆያል፤ ጎሚኒውና ዘይቱ ግን ያረጃሉ።

ወጣቱ ሞተሩን ሲገዛው ለዓመታት ጥግ ይዞ የቆመ ነበር። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ ሲያዞረው አልዞር አለው። የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ በሚጫነው ካሊፐር ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ቡሎን ትንሽ ሲያላላት ዘይት ፊጭ አለና ጎማው ተፈታ። ደስ አለው። ቡሎኗን አጠበቀ፣ አዲስ ሸራ ገጠመና ወደ መንገድ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም በል። ሞተሩ ሕመሙን ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ማስታገሻውን ፈውስ አደረገው። ቡሎኗ ስትላላ ጎማው ከተፈታ፣ የያዘው መመለሻ ያጣ ግፊት ነው። ባይፈታ ኖሮ ፒስተኑን ወይም ካሊፐሩን የተሸከመውን ክንድ መጠርጠር ነበረበት። የዚህ ሞተር ካሊፐር ፒስተኑ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሸራ ዲስኩን የሚይዘውም የሚለቀውም ክንዱ በምሰሶው ላይ ሲወዛወዝ ነው። ምሰሶው ከዛገ አንደኛው ሸራ ሁልጊዜ ዲስኩን ይፍቃል።

ግፊቱ የት እንደታገደ ማወቅም ከባድ አይደለም። መሪው ላይ ካለው ማስተር ሲሊንደር የሚወጣውን የቱቦ ማሰሪያ ትንሽ አላላው። ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ ከማስተሩ ነው። እዚያ ሳይፈታ ታች በካሊፐሩ ቡሎን ከተፈታ ግን ቱቦው ውስጡ አብጦ መንገድ ዘግቷል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ወጣቱ ሩብ ሰዓቷን አልሰጣትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲይዝ ዘይቱ ሞቀ፤ የሞቀ ዘይት ይሰፋል፤ መመለሻ ሲያጣ ሸራውን ራሱ ይገፋል። ሸራው ሲፍቅ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። እጀታው ድንጋይ ሆነበት፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ቆሞ ሲጠብቅ ቀዘቀዘና ጎማው ተፈታ። ይህ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እሱ ግን «ለቀቀ» ብሎ ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ ጎማው ደርቆ ቀረና ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ።

ሞተሩ ሲፈታ የተገኘው ጥፋት እጅግ ትንሽ ነው። በማስተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ትልቁ ዘይት ያስገባል፤ ከፀጉር ብዙ የማትወፍረው ትንሿ እጀታው ሲለቀቅ ግፊቱን ትመልሳለች። ትንሿን የረጋ አሮጌ ዘይት ደፍኗት ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ገና አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ያ እርጥበት ብረቱንም ያዝገዋል። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይርለት።

ስትሠራ ትንሿን ቀዳዳ ከስስ ሽቦ በወጣች አንዲት ክር ጥረጋት፤ እንዳታሰፋት ተጠንቀቅ። ፒስተኑን በኮምፕሬሰር አየር አታስወጣው፤ ተፈናጥሮ ጣት ይቀጠቅጣል። በራሱ በፍሬኑ ግፊት ቀስ ብለህ ግፋው። በካሊፐሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። ሲገፋ የሚጣመመው ባለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው ተመልሶ የሚስበው። ከጎሚኒው ጀርባ፣ በቦዩ ውስጥ፣ ዝገት ከተጠራቀመ ጎሚኒው ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል። ብዙ ሰው ፒስተኑን ሲወለውል ቦዩን ይረሳል፤ አንተ ከቦዩ ጀምር። ፒስተኑ ክሮሙ ከተበላ ቀይረው እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትገው። ጎሚኒውን ቤንዚንም የሞተር ዘይትም አታስነካው፤ ያብጣል። የአሮጌ ሸራ ብናኝም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና በአየር አትንፋው፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሣው።

ከገጠምክ በኋላ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገህ የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈትና እጀታውን በቀስታ ሳብ። ከትንሿ ቀዳዳ ዘይት ብቅ ሲል ካየህ መንገዷ ተከፍቷል። ዘይቱ ቀለም ይበላልና የቤንዚን ታንከሩን በጨርቅ ሸፍነው። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ጥቂት ንዳ፤ የፊት ፍሬኑን ደጋግመህ ያዝና ልቀቅ። መጨረሻ ላይ በኋላ ፍሬን ብቻ ቁምና የፊት ጎማውን አንሥተህ አዙረው። ሸራው ዲስኩን በስሱ ሲነካ ድምፅ ቢሰማህ አትደንግጥ። እጅህን ከታገለህ ግን ወደ ቤት እየገፋህ ውሰደው፤ አትንዳው።