የሠርግ ኬክ ገበታ፤ ጌጡና እውነቱ

በሠርግ ቀን በአዳራሹ ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ አንድ ገበታ ይቆማል። በላዩም በደርብ በደርብ የተሠራ ኬክ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን አበባና ሻማ ይከቡታል። እንግዳው ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ዓይኑን ወደዚያ ያነሣል። ሙሽሮቹም ቢላዋውን በአንድነት ይዘው ይቈርሱታል፤ እርስ በርሳቸውም ይጐራረሳሉ። ነገሩ ለሚያየው ሁሉ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ በአንዱ ገበታ ላይ ስለ ክብር፣ ስለ እውነትና ስለ ገንዘብ የሰው ልብ የሚፈተንበት ጥያቄ አለ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ገበታን ማስጌጥ እስከ ምን ድረስ እንግዳን ማክበር ይባላል? ከወዴትስ ጀምሮ እንግዳን ማታለል ይሆናል?

በዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ «ጌጥ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሚበላው ከበቃ ሌላው ትርፍ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሠርግ በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ በዚያ ቀን መቈጠብ ንፍገት ነው» ይላሉ። የፊተኞቹ ደስታን እንደ ጥፋት ይቈጥሩታል፤ የኋለኞቹ ደስታን በዋጋ ይመዝኑታል። ሁለቱም ወገኖች መንገድ እንደ ሳቱ ለማስረዳት አስቀድመን ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ እንመልከት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

በጥንት ሮማውያን ዘንድ ኮንፋሬአቲዮ የሚባል የጋብቻ ሥርዓት ነበረ። ስሙ የወጣው ፋር ከሚባለው የስንዴ ዓይነት ነው፤ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከዚህ እህል የተጋገረውን ኅብስት በ10 ምስክሮች ፊት ይካፈሉ ነበርና። በዚያ ሥርዓት የኅብስቱ ክብር የሁለቱን ሰዎች አንድ መሆን በመመስከሩ ነበረ።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ባገባች ጊዜ የቀረበው ኬክ ክብደቱ ወደ 300 ፓውንድ፣ ይኸውም ወደ 136 ኪሎ ግራም የሚደርስ ነበረ፤ የዙሪያውም ልክ 3 ያርድ ያህል ነበረ። በላዩ ብሪታንያን በሴት አምሳል የሚያሳይ ምስል ሙሽሮቹን ስትባርክ ተቀርጾ ቆመ። በዚያ ዘመን እጅግ የነጣ ስኳር ውድ ስለ ነበረ የኬኩ ልባስ ንጣት የቤቱን ሀብት ይመሰክር ነበር። ስለዚህ ለመቈረስ የተጋገረው ነገር ለመታየትም ተሠራ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ግርማ ውስጥ መካፈሉ አልጠፋም። ቁራሹን በትንሽ ሣጥን አድርጎ ወደ ሠርጉ ላልመጡ ወዳጆች መላክ በእንግሊዞች ዘንድ ልማድ ነበረ፤ ከንግሥት ቪክቶሪያ ኬክም የተላኩ ቁራሾች እስከ ዘመናችን ተጠብቀው ተገኝተዋል። የላይኛውንም ደርብ አስቀምጦ የመጀመሪያው ልጅ ሲጠመቅ ማቅረብ ልማድ ሆነ። እንግዲህ የሠርግ ኬክ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ መታየት ነው፤ ሁለተኛው መካፈል ነው። የምንመረምረውም ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

መታየቱን አንንቀፍ። በአገራችን እንግዳ በተጠራ ጊዜ በወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ መሶቡም ልብሱን ይለብሳል፤ ቡና የምታፈላይቱ ረከቦቱን አስተካክላ ዕጣን ታጨሳለች። ቄጤማ አይበላም፤ ዕጣንም ረኀብን አያስታግሥም። ሆኖም ይህ ሁሉ የጐደለበት ቤት የገባ እንግዳ ሳይጠበቅ የመጣ ይመስለዋል። ጌጥ ያለ ቃል «መምጣትህን ስንጠብቅ ነበርን» ብሎ ይናገራልና። በቃና ዘገሊላ ሠርግ የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ ባለ ሠርጉ ሊያፍር ነበር፤ ከዚያ ኀፍረት ያዳነውም ጌታ ደስታቸውን አልነቀፈም። ስለዚህ ገበታን ማሳመር የፍቅር ቋንቋ ነው። ነገር ግን በማናቸውም ቋንቋ እውነትም ሐሰትም ይነገራል፤ በዚህም ቋንቋ እንደዚሁ ነው።

ይህን ለመለየት የሚረዳን አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940 መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገር ስኳር በራሽን ይታደል ጀመር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ መንግሥት በተጋገረ ኬክ ላይ ስኳር መቀባትን ከለከለ። ነጩ የሠርግ ኬክም በዚህ ምክንያት ቀረ። ያን ጊዜ ኬክ ጋጋሪዎች ዘዴ ፈለጉ፤ ከካርቶን ወይም ከጀሶ የደርብ ኬክ አምሳል ሠርተው፣ በነጭ አስጊጠው፣ ለሙሽሮች ያከራዩ ጀመር። ከዚያ ባዶ ሽፋን በታች የሚገኘው ዘመድና ጎረቤት ከራሽኑ ቈጥቦ ባዋጣው ነገር የተጋገረ አንድ ትንሽ ኬክ ነበረ። የመቈረሱ ሰዓት ሲደርስ ሽፋኑ ይነሣል፤ ትንሹም ኬክ ለእንግዶቹ ይታደላል።

አሁን እንጠይቅ፤ እነዚያ ሙሽሮች ዋሽተዋልን? ውሸት ማለት ሌላው ሰው ያልሆነውን ነገር ሆኗል ብሎ እንዲያምን አስቦ ማድረግ ነው። በዚያ አዳራሽ ግን የተታለለ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ እንግዳ የራሽን ደብተር ነበረውና የስኳሩን ልክ ያውቀዋል። ሽፋኑን አይቶ «እነዚህ ሰዎች ባለጠጎች ናቸው» ያለ የለም። ሽፋኑ የተናገረው «ጦርነት ቢሆንም ዛሬ ሠርግ ነው» የሚለውን ነው፤ ይህም እውነት ነበረ። ባዶው ካርቶን ሁሉም የሚያውቁትን ጐደሎ በአንድነት የሚሸከሙበት ጌጥ ሆነ።

ደግሞም ስኳር ገና በራሽን ሳለ፣ በ1947፣ ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ ኬኳ 4 ደርብ፣ ቁመቱ 9 ጫማ፣ ክብደቱም 500 ፓውንድ ነበረ። የተሠራውም የአውስትራልያ ገርል ጋይድ ልጃገረዶች በስጦታ በላኩት ነገር ነበረ፤ ይህም ለሕዝብ ተነገረ። የንጉሥ ልጅ ገበታዋ ከሌሎች እጅ በመጣ ስጦታ መቆሙን ካልሸሸገች፣ ሌላው ሰው የጎረቤቱን ርዳታ የሚሸሽግበት ምን ምክንያት አለው? ስኳር ከራሽን የወጣው በ1953 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሙሽሮች በትንሹ ኬክ ደስ ብሏቸው ተጋብተዋል።

ወደ ዛሬው ነገር እንመለስ። አሁን በብዙ ከተሞች በሠርግ የሚቆመው ረጅም ኬክ ብዙ ጊዜ ከውስጡ ፎም ነው። የሚበላው አንዱ ደርብ ብቻ ይሆናል፤ ለእንግዶቹ የሚታደለውም ከጓዳ ተቈርጦ ይመጣል። የእጅ ሥራው ከ1940 ዓመቱ ካርቶን ጋር አንድ ነው፤ የሠሪው አሳብ ግን ሊለይ ይችላል። «ማን ተጐዳ? እንግዳው በልቷል፤ ፎቶግራፉ አምሯል፤ ወጪውም ከሙሉ ኬክ ያነሰ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙ ኬክ አስጋግሮ የተረፈውን ከመጣል ባዶውን ደርብ መከራየት ይሻላል፤ ቁጠባ ነውር አይደለምና።

ፈተናው ግን እንዲህ ነው። አንዲት የሙሽራው አክስት ወደ ገበታው ቀርበው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ኬክ ነውን?» ብለው ቢጠይቁት፣ እርሱ ሥቆ «አይደለም፣ አክስቴ፤ የላይኛው ለዓይን ነው፤ የሚበሉት ከታችኛው ነው» ብሎ ሊመልስላቸው ይችላልን? ይህን ሳያፍር የሚመልስ ከሆነ በገበታው ላይ ሐሰት የለበትም። ፊቱ ጠቍሮ ነገሩን የሚያድበሰብስ፣ ኬክ ቤቱም ምስጢሩን እንዲጠብቅለት የሚለምን ከሆነ ግን ገበታው የሐሰት ምስክር ሆኗል። በሁለቱም ቤት ፎሙ ያው ፎም ነው፤ ልዩነቱ ባለቤቱ እንዲታመንለት በፈለገው ነገር ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱም ከዚህ የከበደ ነው። የአንድ ቤት ገበታ ለሚቀጥለው ቤት መለኪያ ይሆናል። ዛሬ 5 ደርብ ቆሞ የታየ እንደ ሆነ፣ በሚመጣው ወር ልጁን የሚድር አባት ባለ 2 ደርቡን ለማቅረብ ያፍራል። ደመወዙ የታወቀ ጸሐፊ ወይም የቀን ሠራተኛ ቢሆንም ከጓደኛው ይበደራል፤ ከጓደኛው ያጣ እንደ ሆነም በወለድ ይበደራል። ገበታው የቆመው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ዕዳው ግን ከሠርጉ በኋላ በአዲሶቹ ባልና ሚስት ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የቤት ኪራይ በሚከፈልበት፣ ሕፃንም በሚወለድበት ጊዜ እርሱ አስቀድሞ ድርሻውን ይጠይቃል። በመካከላቸውም የመጀመሪያው ጠብ ብዙ ጊዜ በእርሱ ምክንያት ይነሣል። የሚዋደዱ ሌሎች ወጣቶችም ይህን አይተው «ገና አልሞላልንም» እያሉ ጋብቻቸውን ከዓመት ወደ ዓመት ያሳልፋሉ። ፍቅራቸው ሞልቶ ሳለ ገበታው ስላልሞላ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ባለጠጋውም ቢሆን ሊያስብ ይገባዋል። «በገንዘቤ ማን ያዘኛል?» ቢል ማንም ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን የተፈቀደ ነገር ሁሉ ለጎረቤት መልካም አይደለም። ሀብት ያለው ሰው በልኩ ያጌጠ ገበታ ባቀረበ ጊዜ፣ ሀብት የሌለው ጎረቤቱ ያለ ኀፍረት ልጁን እንዲድር በር ይከፍትለታል። ይህ በስጦታ ዝርዝር ላይ የማይጻፍ ትልቅ ስጦታ ነው።

ታዲያ ገበታውን በምን እናስጊጥ? ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ብልሃት ይበዛል። ጠረጴዛውን እናት ያስቀመጠችው ጥለት ያለው ኩታ ቢያለብሱት ከተከራየ ሐር ይልቅ የሚናገረው ነገር አለው። ኬኩ አጭር ቢሆን፣ በማይነቃነቅ መሶብ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ ተደርጎ በዚያ ላይ ቢቀመጥ ቁመት ያገኛል። ከግቢ የተቈረጠ ጽጌረዳና ለምለም ቄጤማ ዙሪያውን ያሳምሩታል፤ ነገር ግን መርዝ ያላቸው አበቦች ስላሉ ያልታወቀ አበባ ምግቡን እንዲነካ አይገባም። በቅቤ የተሠራ ልባስ በሙቀት ይቀልጣልና ገበታውን ከፀሐይ፣ ሻማውንም ከኬኩ ማራቅ ብልህነት ነው።

ደግሞ ከአንድ ትልቅ ኬክ ይልቅ፣ አክስቶችና ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የጋገሩትን ትንንሽ ኬክና ድፎ ዳቦ በአንድ ገበታ ላይ ከፍና ዝቅ አድርጎ መደርደር ይቻላል። በእያንዳንዱ ፊት የጋገረችው ሴት ስም በትንሽ ወረቀት ቢጻፍ፣ እንግዳው ገበታውን ሲዞር ሙሽሮቹን የሚወዱ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ያነባል። እንዲህ ያለው ገበታ ለዓይን ያምራል፤ የሚሸሽገውም ነገር የለውም። ጎረቤትም ሊመስለው ቢወድ ያለ ዕዳ ሊመስለው ይችላል።

ከጌጡም በኋላ መካፈሉ እንዳይረሳ። ኬኩ ከመታዘዙ በፊት የእንግዳው ቍጥር ይታሰብ። በጓዳ ወጥ ሲሠሩ የዋሉት ሴቶች፣ በር የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ሳሕን የሚያጥቡት ልጆች ድርሻቸው ይቀመጥላቸው። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ያልመጡ ሽማግሌዎችም ቁራሹ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ይላክላቸው። በፎቶግራፉ ላይ ያማረ ገበታ እነዚህን የረሳ እንደ ሆነ ከጌጡ የሚበልጠው ጐድሎታል።

እንግዲህ ለማግባት የምትዘጋጅ ወንድሜ ሆይ፣ አንቺም እኅቴ ሆይ፣ ወደ ኬክ ቤት ሄዳችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ምሽት ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። በአንድ ወረቀት ላይ ያላችሁን ገንዘብ ጻፉ፤ ከእርሱም የሦስት ወር የቤት ወጪ ቀንሱ፤ ገበታችሁን በቀረው አስጊጡ። ማንም ስለ ገበታው ቢጠይቃችሁ እውነቱን በደስታ የምትነግሩት ይሁን። ወላጆቻችሁም «ሰው ምን ይለናል?» ብለው ቢጨነቁ በአክብሮት አስረዷቸው፤ ያንን ወረቀት አሳዩአቸው። አበባው በማግሥቱ ይጠወልጋል፤ ጨርቁም ታጥቦ ይታጠፋል። እናንተ ግን ያለ ዕዳና ያለ ኀፍረት በገዛ ቤታችሁ ትነቃላችሁ።