ቀልብሽ የት ነው?

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ እኛ ቤት ቡና ስትጠጪ አንድ ነገር አይቼ ዝም አልኩ። በረካውን ጠጥተሽ ሲኒውን ካስቀመጥሽ በኋላ ቀና ብለሽ «ቶናው አልደረሰም እንዴ?» አልሽ። አክስትሽ ሳቀች፣ አንቺም ሳቅሽ፣ ነገሩ በሳቅ አለፈ። እኔ ግን ሳስበው አደርኩ። ስትወጪ ደግሞ በር ላይ ቆመሽ «ጋሼ፣ ምንም አልጎደለኝም፤ ግን ደስ አይለኝም» ያልሽኝና የቡናው ነገር አንድ መሰለኝ። ሦስት ሲኒ ቡና ስትጠጪ አንቺ እዚያ አልነበርሽም።

ስልክሽን ልወቅስ አይደለም የተነሣሁት። ስልክ የሚረግም ሽማግሌ ሞልቶልሻል። ስልክ ባልነበረበት ዘመንም ቀልብ ይጠፋ ነበር፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት አያትሽ፣ እናቴ፣ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ሁለት ሳምንት እኔ ዘንድ ሰነበተች። ያኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የእድገት ደብዳቤ እጠብቃለሁ፣ የ62 ብር ጭማሪ ያለው። ጠዋት ስወጣ እሱን፣ ማታ ስገባ እሱን። እናቴ ደጃፍ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርቷን እያሾረች ታጫውተኛለች። እኔ «እህ»፣ «እሺ» እያልኩ አለቃዬ በዚያን ቀን በምን ዓይን እንዳየኝ አሰላስላለሁ። ደብዳቤው መጣ። ቁጥሩን እስከ ዛሬ በቃሌ እልልሻለሁ። ደስታው ግን ሁለተኛውን ደመወዝ እንኳ አልጠበቀም፤ በሦስተኛው ወር ከእኔ በላይ ያደጉትን ሰዎች እየቆጠርኩ ነበር። እናቴ በዓመቱ ዐረፈች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ካጫወተችኝ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ላስታውስ ብል የለኝም። እጇ ይታየኛል፤ ቃሏ ጠፍቶኛል።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን የእኔን በሽታ ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለ2,250 ሰዎች በስልካቸው ላይ ሳይታሰብ ጥያቄ ይልኩ ነበር፦ አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህ እሱ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ምን ይሰማሃል? (ስልክም እንዲህ ለደግ ነገር ይውላል።) ከመለሷቸው መልሶች 46.9 በመቶው ላይ ሐሳባቸው ከሥራቸው ውጭ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሐሳባቸው ወደሚያስደስት ነገር በሄደ ጊዜ እንኳ እጃቸው ባለበት ልባቸው ካለው ሰዎች የበለጠ ደስተኞች አልነበሩም፤ ወደማያስደስተው ሲሄድማ ባሰባቸው። የቀን ሕልም ያጽናናናል እንል ነበር እኮ!

«ግን ጋሼ፣ ያሰብኩት ቢሳካ?» ትይኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ትልቅ ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ካልወጣላቸው ጋር አወዳድረው ነበር። በደስታ ሚዛን ብዙ አልተበላለጡም። ይልቁንም ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር ማውራት፣ ቀልድ መስማት ለባለሎተሪዎቹ የሚሰጣቸው ደስታ ቀንሶ ተገኘ። 22 ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ገንዘብ አይጠቅምም ደግሞ አልልሽም፤ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት ሰው ጭንቀቱ የቀልብ ማጣት አይደለም፣ የብር ማጣት ነው። ግን የእኔ 62 ብር ምን እንደሠራችኝ ነግሬሻለሁ።

ይህ ሁሉ ሳይለካ በፊት የግብፅ በረሃ አባቶች ነገሩን ነቅተውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኢቫግሪዎስ ሰውን የሚፈትኑትን ሐሳቦች ስምንት ብሎ ቆጥሯቸዋል። ከእነሱ አንዱን የእኛ ሊቃውንት ሀኬት በሚሉት ቃል ልጥራልሽ። ሀኬት የያዘው መነኩሴ ቀኑ አልመሽ ይለዋል። ዓይኑ መስኮት መስኮት ያያል። ፀሐይዋ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ ስንት እንደቀራት ይለካል፤ ዘጠኝ ሰዓት የምግባቸው ሰዓት ነዋ፣ ልክ እንደ እኛ ጾመኛ። ቀጥሎ የእጁ ሥራ ያስጠላዋል፣ ወንድሞቹ የማይወዱት ይመስለዋል፣ በመጨረሻ ሐሳቡ «ሌላ ቦታ ብትሄድ ይሻልሃል» ይለዋል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት የሚያይ ሠራተኛ በሙሉ መነኩሴ ኖሯል! የኢቫግሪዎስ ምክርም ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ በዓትህን አትልቀቅ። በእኛም አገር ጉባኤ ቤት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ራሱን ችሎ የሚተረጎም ትምህርት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ሐሳብን እንደ በር ጠባቂ መጠበቅ ከእነሱ ዘንድ የቆየ ሙያ ነው።

አሁን ከውጭ መጣ ተብሎ የሚሰለጠነው ሐሳብን የመጠበቅ ሙያም በእኛ ቋንቋ ስም አለው፦ ቀልብ መሰብሰብ። ቀልብ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ልብ ማለት ነው፤ ሥሩ ግን መገለባበጥን ይነግርሻል። ልብ ተገለባባጭ መሆኑን ያወቁ ሰዎች ያወጡት ስም ይመስለኛል። ጎረቤታችን ሐጂ ከሶላት በኋላ በጣታቸው ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት እያሉ ሲያወድሱ፣ አክስትሽም አርባ አንዱን እግዚኦ ስትቆጥር፣ ሁለቱም የሚገለባበጠውን ነገር አንድ ቦታ ለማሰር የሚታገሉ ናቸው። ቁጥሩ ለአምላክ አያስፈልገውም፤ ለእኛ ነው።

እንዴት ይሰበሰባል ብትይ፣ ያን ክረምት ሳላውቀው የተማርኩት አንድ ነገር አለ። እናቴ ስትፈትል ክሩ ይበጠሳል። ደጋግሞ ይበጠሳል። አንድም ቀን በክሩ ተቆጥታ፣ ወይም «እኔ ፈታይ አይደለሁም» ብላ እንዝርቷን ስትጥል አላየሁም። ጫፉን ከባዘቶው ጋር አገናኝታ በጣቷ ታሸዋለች፣ እንዝርቱም ይዞራል። ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ በሚገኝ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች የጀመረውን የስምንት ሳምንት ትምህርት ባነበብኩ ጊዜ የእናቴ እጅ ነው የታየኝ። እስትንፋስሽን ትከተያለሽ፤ ሐሳብሽ ይሄዳል፤ መሄዱን ስታውቂ ሳትቆጪ ትመልሽዋለሽ። ሥራው መመለሱ ነው። ሰዎቹን ከሚያለማምዳቸው አንዱ አንዲት ዘቢብ አይተው፣ ዳስሰው፣ አሽትተው፣ ቀስ ብለው መብላት ነው። አንቺ ቆሎ ይዘሽ ሞክሪው። አንዲት ፍሬ ገብስ። ቆሎ በእፍኝ ለለመደ አፍ ከባድ ጾም መሆኑን እነግርሻለሁ፤ እኔ ከአምስት ፍሬ በላይ አልዘለቅኩም።

ሌላም አለ። በቀን ስንት ጊዜ «እንደምን አደርሽ?» ተብለሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትያለሽ? ስለ ምኑ እንደሆነ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ2003 ኤመንስና ማከላው የተባሉ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹን ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች፣ ሌሎቹን ያስመረሯቸውን ነገሮች ለአሥር ሳምንት አስጻፏቸው፤ ምስጋና የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ተሰማቸው። አንቺ ወረቀት አያስፈልግሽም፤ ሰላምታውን ታውቂዋለሽ። በቀን አንዱን ብቻ፣ የፈለግሽውን፣ ምክንያቱን በልብሽ ጨምረሽ መልሺው። ዛሬ ጠዋት እኔ ስለ ጉልበቴ አመሰገንኩ፤ ደረጃውን ሳላቃስት ወርጄ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ሁሉ ቀልቡ ለተበተነ እንጂ ለታመመ አይደለም። እንቅልፍ ከሸሸሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖርሽ ከከበደሽና ሳምንታት ካለፉ ድባቴ ይሆናልና ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ እኔው እወስድሻለሁ። ጸሎቱን የሚከለክልሽ የለም፤ መድኃኒቱንም ማንም አይከልክልሽ። በየአዳራሹ «ደስተኛ መሆን ምርጫ ነው» የሚሉትን አትስሚ። እኔ አላምናቸውም፤ የታመመን ሰው በሕመሙ ላይ በደለኛ ያደርጉታል።

ታላቅ እህቴን፣ እማማን፣ ሰሞኑን ጠየቅኋት። ያን ክረምት እሷም እየመጣች ከእናታችን ጋር ትውል ነበር። ብዙ አሰበችና እናታችን ያኔ ደጋግማ የምታወራውን አንድ ጨዋታ አገኘችልኝ፤ ስለ አባትሽ ልጅነት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ሰማሁት ማለት ነው። ለእሑድ ነይና ልንገርሽ፤ በአቦሉ እጀምርልሻለሁ።