ስለ ዕውቀት የተወሰደ ነፍስ

ለመብል ወይም ከብቱን ለመከላከል አውሬ የገደለ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለዕውቀት ሲል የገደለውስ በምን ይጸድቃል? በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ በውስጡ የተቀመጡትን የአጥቢ እንስሳት ቅሪቶች ባሰብን ጊዜ ይህን ጥያቄ ልናልፈው አይገባንም።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከዋግ በተከዜ ማዶ ወዳሉት የሰሜን ተራሮች ዘልቆ፥ የሰበሰበውን የአራዊት ቆዳና አፅም ወደ ፍራንክፈርት ላከ። ዋልያና ጭላዳ በ1835 በሳይንስ መዝገብ የገቡት በእርሱ ጽሑፍ ነው። ባላገሩ ግን ሁለቱንም አስቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ የሳይንስ ስማቸውም የተወሰደው ከእርሱው አንደበት ነው። እንግዲህ ሊቁ የጨመረው ምንድን ነው ብንል፥ ሌላ ሰው ደጋግሞ ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ ነው።

ይህም ማስረጃ የሚጸናው፥ ቆዳውና የራስ ቅሉ አንድ ቍጥር ይዘው፥ እንስሳው የተያዘበት ቦታ፥ ቀንና ከፍታ ተጽፎ ሲታሰርባቸው ነው። በአሜሪካ ዮሰሚቲ በተባለው ተራራማ ስፍራ ጆሴፍ ግሪኔልና ባልደረቦቹ ከ1914 ጀምሮ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፉ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት በዚያው መንገድ ሄደው ቢመረምሩ፥ ከ28 የትናንሽ አጥቢ እንስሳት ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ የመኖሪያ ወሰናቸው በአማካይ ወደ 500 ሜትር ከፍ ብሎ አገኙት፤ ነገሩም ከአየሩ መሞቅ ጋር የሚስማማ ሆነ።

ይህንኑ በእኛው ደሃና እንመዝነው። ደሃና ከሞቃት ሸለቆ እስከ ብርዳም ደጋ የተዘረጋ አገር ነው። ከዚያ የተያዘች አይጥ ጽሑፏ «ዋግ» ብቻ ቢል፥ የቈላ ትሁን የደጋ ማን ያውቃል? ያች አይጥ በከንቱ ሞታለች።

ይሁን እንጂ ጥሩ መዝገብ ግድያን ሁሉ አያጸድቅም። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ ቤት የለውም፤ ሩፕል በዘመኑ ያደረገውን ዛሬ የሚደግም ቢኖር ጥፋት ይሆንበታል። ከወደቀ ጠጕር እንኳ ዘርን መመርመር በተቻለበት በዚህ ዘመን፥ ነፍስ ማጥፋት የመጨረሻው መንገድ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ለዕውቀት የተወሰደ ነፍስ ዕዳ ነው እንላለን። ሰብሳቢው በእውነተኛ ጽሕፈት፥ ሹሙ ሣጥኑን ከብልና ከእርጥበት በመጠበቅ፥ መምህሩና ተማሪው ከፍተው በመመርመር ይከፍሉታል። የተሰበሰበውን ለብል መተው ግን ያንኑ እንስሳ ሁለተኛ መግደል ነው።