ምነው ዘጋሽኝ?

ዓይን ቆብ አለው፤ ጆሮ የለውም። ማየት የማንፈልገውን ጨፍነን እናልፋለን፣ መስማት የማንፈልገውን ግን ወይ እንሸሻለን ወይ እንችለዋለን። ሄድፎን ለጆሮ ቆብ ሠራለት። ጥያቄዬም እዚህ ነው፦ የምንኖርበትን ሰፈር ላለመስማት መብት አለን?

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ማታ ማታ ስቱዲዮ ትሆናለች። ስፒከር ልክፈት ብል ከጭቃው ግድግዳ ማዶ የተኛ ሕፃን አለ። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ባደርግ ደግሞ ሙዚቃው ወደ ውጭ ይወጣና ማይኩ ከድምፄ ጋር አብሮ ይቀዳዋል። ስለዚህ የተዘጋውን መረጥኩ። እኛ ለቤትም ለመንገድም አንድ ብቻ የምንገዛ ሰዎች ነን፤ እና ኦሙን ማየት ግድ ነው። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦሙ ስልክ ላይ ድምፁ ይደክማል፣ ማጉያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሶኒ ኤምዲአር 7506 ግን 63 ኦም ነው፤ ስልክም ያጫውተዋል፣ ታጥፎም ቦርሳ ይገባል።

ቤት ውስጥ መዝጋት ጨዋነት ነበር። ታክሲ ውስጥስ? ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል አይሰማም፤ «ወራጅ አለ!» ስንል ደግሞ ሳናውቀው እንጮሃለን። ይሁንና ለመዝጋት በቂ ምክንያት አለ። አንዱ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢደመጥ ችግር የለውም ይላል፤ 90 ሲሆን ግን ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። የውጭውን ጫጫታ የሚያግድ ሄድፎን ድምፅ እንዳንጨምር ይረዳናል። ሌላው ለከፋ ነው። ከአጠና ተራ እስከ ጦር ኃይሎች በእግሯ የምትሄድ ሴት የሚወረወርባትን ቃል ሁሉ የመስማት ዕዳ የለባትም። በዚህ አልደራደርም።

ግን አማርኛችን አንድ ነገር ያውቃል፦ ሰላም ብሎት ዝም ያለውን ሰው «ዘጋኝ» ይላል። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ እማማ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?» ሲሉ ዝምታችን የሚደርሳቸው እንደተዘጋ በር ነው። ለካፊው የሚፈልገው እንድንሰማው ብቻ ነው፤ ሰላምታ ያቀረበው ሰው ግን መልስ ይጠብቃል። ሄድፎኑ ሁለቱን አይለይም። መለየት የእኛ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም አንዱን ጆሮ ገለጥ ማድረግን ብቻ ነው።

«ሳልሰማ አለፍኩ እንጂ ማንንም አልበደልኩም» የሚል ይኖራል። ለእሱ የስቱዲዮ ሄድፎን መልስ አለው። ይህ ዕቃ የተሠራው ጉድለትን እንዲያጋልጥ ነው፤ ድምፅ አያቆላምጥም። እየዘፈንኩ ያልሰማሁትን፣ የተቀዳውን መልሼ ሳዳምጥ ያሰማኛል፦ ከሁለተኛው ስንኝ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ቡና የሚወቅጥ ዘነዘና አለ። ጆሮዬን ዘግቼ ነበር፤ ማይኩ ግን አልዘጋም። ዘፈኑን ደግሜ መቅዳት እችላለሁ። ዘነዘናውን የያዘችው ጎረቤቴ ግን እኔ ሰማሁም አልሰማሁም እዚያው ናት፣ ቡናውም ሲፈላ የምትጠራው እኔን ነው።